ከፎቶው ሥር «አዲስ አበባ–ጅቡቲ» ይላል፤ ብረቱ ግን ሌላ ይናገራል (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ አሮጌ ፎቶ አለ። የከሰል ባቡር ገደል ሥር ኩርባ ላይ ቆሟል፤ ነጂው በመስኮት ብቅ ብሏል። ከሥሩ «የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር፣ 1909 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ።

ጋሼ፣ ይሄ የለገሃር ባቡር ነው አይደል? አያቴ እዚያ ይሠሩ ስለነበር ጓጉቼ ነው።

አይደለም፣ የአስመራ–ምጽዋ ነው። ነጂው ከቆመበት መስኮት ሥር ያለውን ቁጥር አጉልተህ እየው። የመጨረሻዎቹን አኃዞች እንፋሎት ጋርዷቸዋል፤ 442 የሚለው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ይህ የኤርትራ ምድር ባቡር ለዚህ ዓይነት ባቡር የሰጠው መለያ ቁጥር ነው። 442ቶቹን የሠራቸው የጣሊያኑ አንሳልዶ ፋብሪካ ነው፣ በ1938 እ.ኤ.አ.። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1909 ዓ.ም. ነው። ጽሑፉን የለጠፈው ሰው ያንን ዓመት ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ግን ይሄ ባቡር ገና አልተሠራም።

በሐዲዱ ስፋት መለየት አይቻልም?

በዓይን አይሆንም። የአስመራው 950 ሚሊ ሜትር፣ የጅቡቲው 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። በአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ያውም ከጎን በተነሳ ፎቶ፣ መፍረድ አይገባም።

በአንድ ጎን ብቻ ሁለት ሲሊንደር አየሁ። የፊተኛው ደግሞ ወፍራም ነው። ለምን?

ጎበዝ! እኔ ይሄን ፎቶ የወደድኩት ለዚሁ ነው። አሠራሩ በመሐንዲሱ በአናቶል ማሌ ስም «ማሌ» ይባላል። በየጎኑ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ሲሊንደር (እንፋሎት ፒስተን የሚገፋበት በርሜል) አለው። እንፋሎቱ ከቦይለሩ፣ ማለትም ውኃው ከሚፈላበት ትልቅ በርሜል፣ ሲወጣ መጀመሪያ የኋለኞቹን ፒስተኖች ይገፋል። ጉልበቱ ገና አላለቀም፤ ስለዚህ አየር ላይ ከመበተኑ በፊት ወደ ፊተኞቹ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ግፊቱ ቀንሷል፣ መጠኑ ግን ሰፍቷል። የፊተኛው ሲሊንደር የወፈረው ያንን ለመያዝ ነው። አንዱ እንፋሎት ሁለቴ ሠራ ማለት ነው፤ ከሰልም ውኃም ይቆጥባል።

አሁን ዝቅ በሉና የፊት ጎማዎቹን እዩ። ቦይለሩ ቀጥ ብሎ ሳለ እነሱ ወደ ኩርባው ዞረዋል። ብልሽት አይደለም። የፊተኞቹ አራት ጎማዎች የራሳቸው ሻሲ አላቸው፤ ሐዲዱ ሲታጠፍ አብረው ይታጠፋሉ። መስመሩ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ በከፋበት ቦታ በየ1,000 ሜትሩ 35 ሜትር። ለእንዲህ ያለ ተራራ ጉልበትም መተጣጠፍም ያስፈልጋል፤ ማሌ ሁለቱንም አሟልቷል። ከዚህ የበለጠ ለቦታው የተስማማ ማሽን አይቼ አላውቅም።

ቦይለሩ ላይ ጉብ ያለው ነገርስ?

የአሸዋ ሳጥን ነው። ሐዲዱ እርጥብ ሆኖ ጎማ ሲንሸራተት ነጂው አሸዋ ይለቃል፤ አሸዋው በቀጭን ቱቦ ወርዶ ጎማው ፊት ይፈሳል። በጎንና ጎን ያሉት ሳጥኖች ደግሞ የውኃ ናቸው። ለዚህ ነው ከኋላው የተለየ የውኃ ፉርጎ የሌለው።

እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የተነሳው?

ከ1938 እ.ኤ.አ. በፊት ሊሆን አይችልም። የወረቀቱን ጠርዝ ደግሞ እዩ፤ እንደ ዳንቴል የተቆረጠ ነው። እንዲህ ያለው ኅትመት እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የተለመደ ነበር። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነጂውን «እገሌ ነው» ማለትም በግምት አይሆንም።

ባቡሩ ዛሬ አለ?

መስመሩ በጦርነቱ ምክንያት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆመ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ለምሽግ ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው በእጃቸው ጠገኑት። በ2003 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ እንደገና አስመራ ደረሰ። ከ442ቶቹም ጥቂቶቹ ታድሰው ዳግም እሳት ተለኮሰባቸው።

እናቴ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች አሉ። ምን ላድርግ?

በስልክ አታንሺያቸው፤ ስካን አድርጊ፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)። ቁጥር የሚነበበው ያኔ ነው። ጀርባቸውንም ስካን አድርጊ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል። እናትሽን ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቂያቸውና ያሉሽን እንዳለ ጻፊው።