አምስት ሙዚየም በአንድ ቀን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አዲስ አበባ ሙዚየሞች የላካችሁት ጥያቄ በዛብኝ። አንዳንዱን ደብዳቤ በራሴ ቃል አሳጥሬዋለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙ።

ከዋሽንግተን ለእረፍት የሚመጣ አንባቢ ለሙዚየም ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ፣ ዓድዋ፣ አንድነት ፓርክ፣ ቀይ ሽብር፤ ሁሉንም ከነሰዓቱ ደርድሮ “ይበቃኛል ወይ?” ይላል።

ወንድሜ፣ የሰርግ ጥሪ ወረቀት የምታድል ነው የመሰለኝ። ሁለቱን ያዝና ሌላውን ለሚቀጥለው ዓመት ተወው። ጠዋት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግባ፤ መታወቂያህን እንዳትረሳ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደት ይጀምርና ሞት ላይ ያበቃል። የጃንሆይ መኝታ ክፍልም እዚያው አለ። በታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች እዚሁ ቤት ውስጥ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ነው ጃንሆይ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። ይህን ሳታውቅ ከገባህ አልጋና ቁም ሳጥን አይተህ ትወጣለህ።

ምሳህን ብላና ቁልቁል በእግርህ ወደ አምስት ኪሎ ውረድ፣ ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ነው። የውጭ ፓስፖርት ከያዝክ የመግቢያው ዋጋ ከፍ ይላል፤ በር ላይ አትጨቃጨቅ።

“ድንቅነሽ ብለው የሚያሳዩን እውነተኛዋ ናት ወይስ ፎርጂድ?”

ፎርጂድ አትበላት! የምታያት ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። ብዙ የዓለም ትልልቅ ሙዚየሞችም ለእንዲህ ያለ ብርቅ ቅሪተ አካል እንዲሁ ያደርጋሉ። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ አጥንት ለአንተ ሰልፊ ተብሎ መብራት ስር አይሰጣም። ደግሞ እሷን አይተህ አትሩጥ፤ ከዲኪቃ የተገኘችውን ሕፃን ሰላምን ፈልጋት። በዕድሜ ድንቅነሽን ትበልጣለች፣ ስትሞት ግን ገና የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

እንደ ቤቱ ነው። በር ላይ ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ።

አንዲት አንባቢ እናቷን ቀይ ሽብር ሙዚየም ልትወስድ አስባለች። የእናቷ ወንድም በ1970 ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እናት ስለሱ አያወሩም፤ ሰሞኑን ግን እንቅልፍ አጥተዋል። “ቢያዩት ይቀላቸው ይሆን?” ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። “ዛሬ ላዝናናሽ” ብለሽ መስቀል አደባባይ አውርደሽ እዚያ በር ላይ እንዳታቆሚያቸው።

ሙዚየሙ በ2002 ነው የተከፈተው። ትንሽ ነው፣ መግቢያውም በነፃ ነው፤ ብዙ ሰው ከሌላ ጉዞ ጋር ደርቦ ጎራ የሚልበትም ለዚህ ይመስለኛል። ይሄ ነገር ያናድደኛል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የወጣቶች ፎቶ ነው፤ አብዛኛው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። ወደ ውስጥ ሲገባ በመስታወት መደርደሪያ የራስ ቅልና አጥንት አለ፤ ከጅምላ መቃብር አብሮ የወጣ ልብስና ጫማም አለ። እናትሽ ያንን ፎቶ ሁሉ ቆመው አንድ በአንድ ነው የሚያዩት። ወንድማቸውን ካገኙት አንድ ነገር ነው፤ ካላገኙት ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው። ለሁለቱም ተዘጋጂ።

እሺ ካሉ፣ የዚያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዢ። የሚቀርባቸው ሰው አብሮ ይሂድ። ከአስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ እናትሽን ከእሱ ጋር ተያቸውና አንቺ ትንሽ ራቅ በይ። አንዳንድ ሰው ለልጁ የማይናገረውን ያንን ዘመን ላየ ሰው ይናገራል። አጥንቱ ያለበት ክፍል ግዴታ አይደለም፤ በር ላይ ደርሰው ልመለስ ካሉ ይመለሱ። እምቢ ካሉም አለቀ፣ አትለማመጪያቸው።

የእንቅልፉ ነገር ግን ሙዚየም አይፈታውም። ይሄን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ ከጉብኝቱ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጂያቸው። “እብድ ነኝ ወይ” ብለው ሊቆጡ ይችላሉ። ስለ ወንድማቸው ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ብለሽ ጀምሪ። ጸበልም ከወደዱ ይሂዱ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት “ደረጃ ይበዛል?” ይላሉ።

ብሔራዊ ሙዚየምም ስድስት ኪሎም ደረጃ አለ። ምርኩዝ ይያዙ፣ ሐኪምዎንም ያማክሩ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሙዚየም ይሰለቸዋል ወይ?

አዎ፣ አንቺም ይሰለችሻል፣ ስለምታፍሪ ነው የማትናገሪው። ስድስት ኪሎ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ወደ ሰማይ ወጥቶ የትም የማይደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያን ነው የሠራው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ነው። ነፃነት ሲመለስ የእኛ ሰዎች አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ልጁ ደረጃውን ይቁጠር፣ አንበሳው ለምን እዚያ እንደወጣ ይጠይቅሽ። ከዚያ በኋላ ሙዚየሙ ውስጥ ክራርና ማሲንቆውን አሳዪውና ለስላሳ ጋብዘሽው ወደ ቤት።