ፋብሪኬሽን፣ ፋልሲፊኬሽን፣ ፕሌጀሪዝም፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። በምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ሦስቱን ጥፋቶች በእንግሊዝኛ ስማቸው ተማርናቸው። በአማርኛ ስናወራ ግን ሁሉንም «ማጭበርበር» እንላለን። ለየብቻ የሚሆን ቃል የለም?

መልስ፦ አለ። «ማጭበርበር» ፍርዱን ይናገራል እንጂ መረጃው ላይ ምን እንደተሠራ አይናገርም።

ፋብሪኬሽን የሌለ መረጃ መፍጠር ነው። 60 ታካሚ መለካት ሲገባው 52 ለክቶ የ8ቱን የደም ግፊት ከራሱ የሞላ ተማሪ ያደረገው ይህን ነው። «የፈጠራ ክስ»፣ «የፈጠራ ወሬ» እንደምንለው «የፈጠራ መረጃ» በሉት። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጡ፤ «የመረጃ ፈጠራ» ሲባል የሚመሰገን ግኝት ይመስላል።

ፋልሲፊኬሽን ያለውን መረጃ ማዛባት ነው፦ 148 የተለካውን 138 ብሎ መጻፍ፣ ወይም ለውጤቱ ያልተመቹ ታካሚዎችን ምክንያቱን ሳይገልጹ ማውጣት። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውንና እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመውን የእንግሊዛዊውን ሐኪም የዌክፊልድን ጥናት አስቡ። 12ቱ ሕፃናት በእርግጥ ነበሩ፤ የተለወጠው የሕመም ታሪካቸው ነው። መጽሔቱ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል። ይህ ማዛባት እንጂ ፈጠራ አይባልም።

እዚህ ላይ ግሱን ልብ በሉ። «መረጃው ተዛብቷል» ስንል አድራጊው አልተነገረም፤ መለኪያው ተበላሽቶ ወይም የናሙናው አመራረጥ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። «መረጃውን አዛብቷል» ካልን ግን ሰው ከሰስን ማለት ነው። ሆን ተብሎ መደረጉ እስኪረጋገጥ በመጀመሪያው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊሲም እነዚህኑ ሦስት ጥፋቶች ዘርዝሮ በቅንነት የተሠራን ስህተት ከጥፋት አይቆጥርም።

ፕሌጀሪዝም ያስቸግራል። ብዙዎች «የጽሑፍ ስርቆት» ይሉታል፣ ተማሪው ደግሞ «ኩረጃ»። ባለቤቱ ከፈቀደ ስርቆት የለም፤ ጓደኛችሁ ፈቅዶላችሁ አንቀጹን ስሙን ሳትጠቅሱ ብታስገቡ ግን ጥፋቱ እንዳለ ነው። «ኩረጃ» ቃል በቃል መገልበጥን ስለሚያስታውስ፣ ቃላቱን የቀያየረ ተማሪ ነጻ የወጣ ይመስለዋል። ሐሳቡ የሌላ ሰው ከሆነ ግን አገላለጹ ቢለወጥም ምንጩ መጠቀስ አለበት። እኔ የምመርጠው «የሌላን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ» የሚለውን ነው። ይረዝማል፤ ቢሆንም የጥፋቱ ልብ ያለው «አስመስሎ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በጽሑፋችሁ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንዲህ ፍቱትና ከዚያ ወዲያ «ፕሌጀሪዝም» ብትሉ ቅር አይለኝም።