የድሮ የጓሮ ትራክተር ሽቦ መቀየር፦ ያላችሁን ጥያቄ ወዲህ በሉ

ሣር የሚያጭዱትን ትንንሽ የጓሮ ትራክተሮች ፈትቶ ሽቦአቸውን ከዜሮ መዘርጋት በጣም የምወደው ሥራ ነው። የመጡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አይጥ ሽቦውን በልታዋለች፣ ግማሹ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ሁሉንም ቆርጬ ልጣለው?

እንዳትቆርጠው! መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትነካካ መፍቻህ ሻሲው ላይ ካረፈ ሾርት ያደርጋል። ስትመልስ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ከዚያ ፎቶ፣ ብዙ ፎቶ። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ወረቀት ለጥፈህ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጻፍበት። ቀለሙን አትመን፣ ካንተ በፊት የጠገነው ሰው እጁ ላይ የነበረውን ሽቦ ቀጥሎበት ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ሳትበጣጥስ አውጣና ጣውላ ላይ ዘርጋው፣ አዲሱን በሱ ልክ ቁረጥ። የተበላ ሽቦም ቢሆን ርዝመቱንና መንገዱን ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ውፍረቱስ?

ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) 16 ካሬ ሚሊሜትር፣ የማሳውም (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) እኩል። ለቁልፍና ለቻርጅ 2.5፣ ለቀረው 1.5 ይበቃል። ወደ ቁልፉ በሚሄደው ሽቦ ላይ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር።

ጥያቄ፦ አዲስ የቁልፍ ማብሪያ ገጠምኩ። ሞተሩ ይዞራል ግን ካንዴላው ብልጭ አይልም። ቦቢናው (ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ጥቅል) ተቃጥሎ ይሆን?

ሊሆን ይችላል እህቴ፣ ብዙ ቦቢና የሚያልቀው በዚህ ስህተት ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በማግኔቶ የሚሠራው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ክብ) ላይ ባለው ማግኔት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ለብልጭታ ባትሪ አይፈልግም፤ ቁልፉን ስታጠፊ የቦቢናው ቀጭን ሽቦ ከማሳ ጋር ይገናኝና ሞተሩ ይቆማል። በባትሪ የሚሠራው ግልባጩ ነው፤ ቁልፉ ሲበራ 12 ቮልት ወደ ቦቢናው ይልካል፣ ሲጠፋ ያቋርጣል። ችግሩ ሁለቱ ማብሪያዎች ከውጭ ሲታዩ መንታ መሆናቸው ነው። የባትሪውን ዓይነት ማግኔቶ ላይ ከገጠምሽው 12 ቮልቱ ቦቢናውን ያቃጥለዋል።

አዲስ ቦቢና ከመግዛትሽ በፊት ግን ያችን ቀጭን ሽቦ ሞተሩ ጋ ንቀይና አዙሪው። ብልጭታ ከመጣ ቦቢናው ደህና ነው፣ ጥፋቱ ማብሪያው ወይም ከሴፍቲ ስዊቾቹ (ለደህንነት ሞተሩን ከሚያቆሙት፣ እንደ ወንበሩ ስዊች ካሉት) አንዱ ጋ ነው። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጊ፣ ምክንያቱም ሽቦዋ ተነቅላ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋም። ለማጥፋት ከቦቢናው የሚወጣውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር የምታገናኚበት ሽቦ አስቀድመሽ አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ ባትሪው አዲስ ነው፣ ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ" ብሎ ዝም ይላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማሳውን ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሳይነካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርግና ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበብክ ማሳው ደካማ ነው። ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀውና ጥብቅ አድርገህ እሰረው። ሶሎኖይዱንም (ቁልፉ ሲዞር ባትሪውን ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) እየው፦ ባለ ሦስት ጫፉ ማሳ የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ነው፣ ስለዚህ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ ካሰርከው አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጫፎቹን በስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዝ ለስላሳ ብረት) ልበይድ?

እኔ አልበይድም። ትራክተር ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦው ደግሞ ስታኞው ያለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራል። በደንብ ተጨፍልቆ የተያዘ ጫፍና በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ይሻላል።

ጥያቄ፦ የወንበሩን ስዊች ባልፈው ምን አለበት?

አትለፈው። ከወንበር ስትወድቅ ምላጩን የሚያቆምልህ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ የ1960ዎቹ ነው፣ ሽቦውን ከቀየርኩ ወዲህ ባትሪ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ1961 እንደወጣው ከብ ካዴት የተባለ የጓሮ ትራክተር ከሆነ፣ አንዱ ዕቃ (ጄኔሬተሩ) በቺንጋ ሞተሩን ያስነሳል፣ ያው ዕቃ ባትሪውን ይሞላል። ሽቦው ከተነካ በኋላ ጄኔሬተሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን መልሶ እንዲይዝ ማድረግ አለብህ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሬጉላተሩ (የቻርጁን መጠን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ላይ የባትሪውንና የጄኔሬተሩን ጫፍ በአጭር ሽቦ ለአፍታ ብቻ አነካካ፤ ትንሽ ብልጭታ ታያለህ። ቺንጋውም አለመላላቱን እይ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ባትሪው ላይ ለካ፤ ካስተካከልከው ከ13 ቮልት በላይ ያነባል።