«ልጆችሽ ሰነፉ» ወይስ ሊፍቱ ቆመ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል የሀውስ ኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ነኝ። የሠራተኛው ሊፍት ከቆመ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ከሁለቱ የላውንደሪ ማድረቂያዎች የሚሠራው አንዱ ነው፣ አንሶላም አይበቃንም። አንዷ ልጅ በቀን 14 ክፍል ይደርሳታል። ሥራ አስኪያጁ ግን በየስብሰባው «ልጆችሽ ሰነፉ» ይለኛል። ሁለቱ ጥለው ሄደዋል። እኔስ ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አትልቀቂ። መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ።

የአንድ ቀን ሥራ 480 ደቂቃ ነው፣ ለ14 ክፍል ሲካፈል ለአንዱ 34 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። አንሶላ ፍለጋ ከአምስተኛ ፎቅ ላውንደሪ ድረስ በደረጃ ወርዳ፣ «ገና አልደረቀም» ተብላ፣ ቆማ ጠብቃ፣ ጥቅሉን ተሸክማ እስክትመለስ 15 ደቂቃ ቢሄድባት፣ ስድስት ጊዜ ስትመላለስ 90 ደቂቃ አለቀ። ለክፍል 28 ደቂቃ እንኳ አይሞላም የቀራት። ላብ በላብ ሆና የገባችን ልጅ መታጠቢያው ላይ ፀጉር ቀረ ብሎ መቆጣት ምን ይሉታል?

ደግሞ እጥረት ባለበት ቤት መደበቅ ይጀመራል። እኔ ሆቴል በሠራሁበት ጊዜ የትራስ ልብስ ከአንዷ ሎከር ሲወጣ አይቻለሁ። ሌባ አልነበረችም፣ የነገ ክፍሎቿን እያሰበች ነው። ለአንድ አልጋ ሦስት ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል የሚባለው ለቅንጦት አይደለም፤ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ ላውንደሪ፣ አንዱ ስቶር።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዢ። ምን ተበላሸ፣ ለጥገና መቼ ተነገረ፣ መቼ ተሠራ። በተለይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ሪሴፕሽን ሲጠብቅ ስንት ክፍል እንዳልደረሰ ጻፊ። ሥራ አስኪያጁ «ደከመን» ስትሉት ላይሰማ ይችላል፣ ያልተሸጠ ክፍል ግን ይሰማዋል። ከቻልሽ ደግሞ አንድ ቀን «እስቲ አብረን እንውጣ» ብለሽ በደረጃው ይዘሽው ውጪ። ባዶ እጁን ቢሆንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማለክለኩ አይቀርም።

ልጆቹ አምሽተው የሚጨርሱ ከሆነም ዝም አትበይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ተብሎ ይከፈላል። ሊፍት ስለቆመ በነፃ ይሠራ የሚል የለም።

ደብተሩን አይቶም «ሰነፉ» ካለሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ያኔ ስለ መልቀቁ እናወራለን።