በጅማ ላላችሁ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

የሐሞት ጨው (የሐሞት አሲድም ይባላል) ምርመራ ስትሠሩ ኢንዛይሙ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ሳታውቁ ውጤት እንዳትፈርሙ አደራ እላችኋለሁ።

ሥራውን የሚሠራልን ኢንዛይም የተገኘው ቀድሞ ሲውዶሞናስ፣ ዛሬ ኮማሞናስ ቴስቶስቴሮኒ ከሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ስቴሮይድን እየሰባበረ የሚመገብ በመሆኑ፣ በሐሞት አሲድ ሦስተኛ ካርቦን ላይ ያለውን ሃይድሮክሲል ወደ ኪቶን የሚቀይር ኢንዛይም ይሠራል፤ በዚያው ቅጽበት ኤንኤዲ የተባለው የኢንዛይሙ ረዳት ሞለኪውል ወደ ኤንኤዲኤች ይለወጣል፣ እኛም በ340 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የምናነበው ይህን ለውጥ ነው።

ችግሩ መጠኑ ትንሽ መሆኑ ነው። ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ በሲረሙ (ደም ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ የሚገኘው የሐሞት አሲድ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 ማይክሮሞል በታች ነው። ይህ መጠን፣ ናሙናው በሪኤጀንት (በመመርመሪያው ፈሳሽ) ሳይቀጥን እንኳ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ዕቃ) የሚሰጠው የብርሃን መምጠጥ ንባብ 0.06 ገደማ ብቻ ነው። ሲረም ውስጥ ደግሞ ላክቴትና እርሱን የሚለውጠው ኢንዛይም ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ስላሉ፣ አንዲት የሐሞት አሲድ ሳትነካ ኤንኤዲኤች ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ያልተጨመረበትን የናሙናውን ብላንክ (ማነጻጸሪያ) ጎን ለጎን ሳትሠሩ ካለፋችሁ፣ የሐሞት ጨው ብላችሁ የምትጽፉት ላክቴት ሊሆን ይችላል። የኤንኤዲ አምሳያ የሆነውን ቲዮ-ኤንኤዲን ተጠቅሞ ምልክቱን ደጋግሞ በማባዛት በ405 ናኖሜትር የሚያነበው አዲሱ ዘዴ ይህን ድካም በእጅጉ ያቃልላል፤ ካገኛችሁት እርሱን ምረጡ።

ናሙና ስትቀበሉ ታካሚውን በአክብሮት ጠይቁ። በእኛ አገር «ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው አብሮ የቀረበውን ቡና ቁርስ እንደ ምግብ ላይቆጥረው ይችላል፤ የሐሞት ከረጢት ግን ምግብ ሲገባ ስለሚኮማተር ውጤቱ ከፍ ይላል።

ከሁሉ በላይ የምታሳስበኝ መዳፏንና የእግሯን ውስጥ እያሳከካት ሌሊቱን ሳትተኛ የምታድር ነፍሰ ጡር ናት። በእርግዝና ጊዜ በሚከሰተው የሐሞት ፍሰት መታገድ፣ መጠኑ በሊትር 100 ማይክሮሞልና ከዚያ በላይ ሲደርስ ፅንሱ ሞቶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሐኪሙም የመውለጃዋን ጊዜ የሚወስነው ይህን ቁጥር ይዞ ነው። ለዚህ ሕመም የሚታዘዘውን አርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ እየወሰደች ከሆነ፣ መድኃኒቱ ራሱ የሐሞት አሲድ በመሆኑ ኢንዛይሙ ከራሷ የሐሞት አሲድ ጋር ደምሮ ይቆጥረዋል። መድኃኒቱን መውሰዷን ጠይቁና ሐኪሙ እንዲያየው ከውጤቱ ጎን ጻፉለት።