መድኃኒቱን የተላመደው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ደምበጫ አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ‹መድኃኒት የተላመደ ቲቢ› የተገኘባትን አንዲት ወጣት ልጠይቅ ቤቷ ስሄድ፣ አባቷ ‹ልጄ የቲቢ መድኃኒት ቀምሳ አታውቅም፤ ያልወሰደችውን እንዴት ተላመደች?› አሉኝ። ለመሆኑ አባባሉ ትክክል ነው?»

መልስ፦ አባትየው ቋንቋቸውን አሳምረው ያውቃሉ። ችግሩ የቃሉ ነው፤ እኔንም ለዓመታት ሲቆረቁረኝ ኖሯል።

«ለመደ» ከግዕዝ ጀምሮ ከመደጋገም የሚመጣ ለውጥ ነው። ዕብራይስጡ ይህንኑ ሥር ለመማር ያውለዋል፤ የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ስም «ታልሙድ» የወጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ የሚለምድ ማለት ትናንት ያላወቀውን ዛሬ የሚያውቅ፣ ራሱ ያው የሆነ ፍጡር ነው። የጎጃም ገበሬ ወይፈኑን ከለማዳ በሬ ጋር ጠምዶ ሲገራ፣ ዘንድሮ ቀንበር ያስቸገረውና ለከርሞ ፈሩን ይዞ የሚያርሰው አንድ ወይፈን ነው። ባክቴሪያ እንዲህ አይለምድም። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የገደለው ሞቷል፤ የተረፈው ቀድሞውኑ በዘረ መሉ ላይ በአጋጣሚ ለውጥ የነበረው ነው። ተመራማሪዎቹ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ በ1952 እ.ኤ.አ. ይህንን በከፋይ ጨርቅ አሳይተዋል። ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን በከፋዩ ተጭነው፣ አሻራውን ስትሬፕቶማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባለበት ሌላ ሳህን ላይ አተሙት። እዚያ የተረፉት ከየትኛው ቦታ እንደመጡ በመጀመሪያው ሳህን ላይ ሲፈልጉ፣ መድኃኒቱ ነክቶት የማያውቀው ዘር አስቀድሞ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ልማድ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ልጅቱ መድኃኒት ካልወሰደች፣ ባክቴሪያው ከሌላ ሰው ሳል ሲተላለፍባትም ሪፋምፒሲንንና ሌላውን የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድን የሚቋቋም ነበር ማለት ነው። ሰውነቷ የተላመደው ነገር የለም። በአማርኛችን «ቲቢ» የበሽታው ስም እንጂ የተሐዋሲው አይደለም፤ ባለቤቱ ሲደበዝዝ ግሡ ታማሚዋ ላይ ያርፋል። («ተሐዋስያን» በሐመሩ ሐ ይጻፍልኝ፤ ሥሩ «ተሐውሰ»፣ ተንቀሳቀሰ፣ ነውና።)

«ተላመደ» እንደ «ተጋደለ» ሁለት ወገን ይፈልጋል። መድኃኒት ማንንም አይላመድም፤ ሰውና ባክቴሪያ ግን በብዙ ሺህ ዓመታት አንዱ ሌላውን ሲለውጥ ኖሯል፤ «ከሰው ጋር ተላመደ» ቢባል አልቃወምም። የምቃወመው ከዚህ ተነሥተው «ከሰው ጋር የቆየ ተሐዋሲ ለማዳ ይሆናል፣ ክፋቱ ይበርዳል» የሚሉትን ነው። ማስረጃ የሚያደርጉትም በ2013 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ተለይቶ የታወቀውን፣ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ እምብዛም የማይገኘውን ሰባተኛ የቲቢ ባክቴሪያ ሐረግ (የዘር መስመር) ነው። በቤተ ሙከራ ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በአማራ ክልል በተደረገ ጥናትም የያዛቸው ሰዎች ወደ ሕክምና የመጡት ከሌሎቹ ዘግይተው ነው። «ይኸው ተገራ» ይላሉ። ቲቢ ግን ወደ ሌላ ሰው የሚሻገረው ሳንባን አቁስሎ፣ አስሎ ነው፤ ፈጽሞ ቢገራ መውጫ አያገኝም። የዘገየው ሕመምተኛ ደግሞ ከቤተሰቡ መካከል እየሳለ ይከርማል። ለባክቴሪያው ይህ ትርፍ ነው፤ ገራምነት አልለውም።

ታዲያ ምን እንበል? «የተቋቋመ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ ባንክም ማኅበርም ይቋቋማል። የእኔ ምርጫ «መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ» ነው። ብርድ የማይበግረው፣ ሥራ የማይበግረው እያልን ያደግን ሰዎች ቃሉን ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን። በሽታው በሌሎች መድኃኒቶች ስለሚድን «የማይበግረው» ተስፋ ያስቆርጣል የሚል መቃወሚያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከባድ መቃወሚያ ነው፤ ጆሮዬ ግን አሁንም ይህንን ይመርጣል።

ይሁን እንጂ ሬዲዮውም የጤና ጣቢያው መዝገብም «የተላመደ» ብለው ጨርሰዋል፤ ቃሉ ሥር ሰዷል፤ የምነቅለውም እኔ አይደለሁም። በሪፖርትዎ ያንኑ ይጻፉ። ለቤተሰብ ሲናገሩ ግን ባለቤቱን አይጣሉት፤ «ባክቴሪያው» ብለው ይጀምሩ፣ «ታማሚዋ ተላመደች» የሚል ቃል ደግሞ ከአፍዎ አይውጣ።