ሶሻል ሽምደዳ ብቻ አይደለም፦ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

የፈተና ወራት ሲቃረብ ቤቴ ጎራ የምትሉት ትበዛላችሁ። ጥያቄያችሁም ያው ነው፦ «ጋሼ፣ የቱ ይወጣል? የቱን እንሸምድድ?» ታሪክና ጂኦግራፊ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ከዚያም በዕቅድ ሥራ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። የሚወጣውን ግን አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚላችሁንም አትመኑት። የማውቀው እንዴት እንደሚጠና ነው።

በቅድሚያ አንድ ሐሜት እናጥራ። «ሶሻል የሚገባው ሒሳብ ያቃተው ነው» ይባላል። የሶሻል ተፈታኝም ሒሳብ ይፈተናል እኮ! እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና)፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፤ ስድስቱ ተደምረው 600። ልብ በሉ፤ ግማሹ ነጥብ ያለው በሽምደዳ በማይገፉት በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ ነው። ታሪክ መጽሐፍ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክል የሚያድረው ልጅ ይህን ይረሳዋል።

ውጤቱን ሰምታችኋል። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ይህን ሁሉ በልጆች ስንፍና ላይ የሚደፈድፍ ሰው ያናድደኛል። አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚነበብበት ክፍል አስተምሬያለሁ፤ ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ቢሆንም ፈተናው ይህን አይጠይቃችሁም፤ ስለዚህ በእጃችሁ ስላለው እናውራ።

ከታሪክ ልጀምር። ብዙዎቻችሁ ታሪክን የምታጠኑት እንደ ስልክ ቁጥር ነው። የውጫሌ ውል በፈረንጅ 1889፣ አድዋ 1896፣ አለቀ። ፈታኙ ግን «ለምን?» ብሎ ቢመጣ ትንጠለጠላላችሁ። አድዋን እንዲህ አድርጋችሁ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። ቀይ ባሕር በአንድ ጊዜ የአውሮፓና የእስያ መተላለፊያ ሆነ። በዚያው ዓመት ሩባቲኖ የተባለው የጣልያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። በ1882 የጣልያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ የበርሊን ጉባኤ የተጠናቀቀውም በዚያው ዓመት ነው። ወደ መሀል አገር ሲገፋ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ መቱት። ከዚያ የከብቱ የደስታ በሽታ ገባ፤ በሬ አለቀ፣ እርሻ ቆመ፣ ክፉ ቀን መጣ። ወደ አድዋ ያደረሰው የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚህ ሁሉ መሀል ነው።

አሁን ጥያቄ እናውጣ። ጣልያን ቀይ ባሕር ላይ ለምን ዓይኑን ጣለ? ከምጽዋ ወደ ደጋው ለመግፋት ያመቸው ምንድን ነው? ረሃቡ የአገሪቱን አቅም እንዴት ነካው? ሰንሰለቱን የያዘ ልጅ አንዷ ቀን ብትጠፋበት እንኳ ከፊቷና ከኋላዋ ካሉት ተነስቶ ይደርስባታል። ቀኑን ብቻ የሸመደደው፣ ያ ቀን ከጠፋ ሁሉም ይጠፋበታል። ቀን አትያዙ እያልኩ አይደለም። ያዙ! ግን አርባ ቀን ከመቸከል አሥራ አምስቱን ከነምክንያታቸው መያዝ ይሻላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገርም ጉድ ይሠራችኋል። መጽሐፋችሁ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ ቤት ውስጥና በሬዲዮ የምትሰሙት በእኛ ነው። አብዮቱ የፈነዳው በየካቲት 1966፣ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። በፈረንጅ ግን ሁለቱም 1974 ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን ጣታችሁ ላይ አስሩት። በሾርት ኖታችሁ ላይም ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ።

ጂኦግራፊ ላይ ካርታ የምትፈሩት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ነጥብ በነፃ የሚገኝበት ቦታ እሱ ነው። የካርታው መስፈርት (ስኬል) 1፡50,000 ከሆነ አንድ ሳንቲሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። በሁለት ቦታዎች መካከል 6 ሳንቲሜትር ለካችሁ? 3 ኪሎ ሜትር። የከፍታ ልዩነታቸው 300 ሜትር ቢሆን ተዳፋቱ 300 ለ3,000፣ ማለትም 1 ለ10 ነው። ይኸው ነው። በቀን አንዲት እንዲህ ያለች ጥያቄ ብትሠሩ በወር ውስጥ እጃችሁ ራሱ ይሠራዋል። የሰዓት ክልልም እንዲሁ፦ 15 ዲግሪ አንድ ሰዓት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ደምሩ፣ ወደ ምዕራብ ቀንሱ።

የአየር ንብረቱን ደግሞ ከምታውቁት አገር ተነሱ። ሰሜኑና መሀሉ በሐምሌና በነሐሴ ሲዘንብበት ቦረናና ሶማሌ ለምን ይደርቃሉ? ነፋሳቱ የሚገናኙበት ቀጠና ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ነው። ሲሄድና ሲመለስ ደቡብ ምሥራቁን ያረጥባል። ለዚህ ነው ቦረና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት «ገና» በሚሉት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ «ሃገያ» በሚሉት ወቅት የሚዘንብለት። ክፍላችሁ ውስጥ ከዚያ የመጣ ልጅ ካለ ጠይቁት። ከመጽሐፉ በተሻለ ያስረዳችኋል።

ኢኮኖሚክስ ላይ የማየው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፤ «ዲማንድ» (በየዋጋው ሰው ሊገዛ የሚፈልገው ሁሉ) እና «ኳንቲቲ ዲማንድድ» (በአንድ ዋጋ ብቻ የሚፈልገው መጠን) ይደበላለቃሉ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ጭር ይላል። ዋጋው ስለጨመረ ነው? አይደለም፤ ሰው ስለጾመ ነው። ያኔ የዲማንዱ መስመር ራሱ ወደ ግራ ይሸሻል። ሽንኩርት ተወዶ እናታችሁ ከሁለት ኪሎ ወደ አንድ ሲወርዱ ግን መስመሩ ቦታው ላይ ነው፤ እሳቸው ናቸው በመስመሩ ላይ ወደ ላይ የወጡት። ይህ የገባው ልጅ የምዕራፉን ግማሽ ጨረሰ።

ስሌቱንም አትሽሹት። ፍላጎት 100 ሲቀነስ 5 ጊዜ ዋጋ፣ አቅርቦት 20 ሲደመር 3 ጊዜ ዋጋ ቢሰጣችሁ፣ እኩል አድርጓቸው። 80 ከ8 ጊዜ ዋጋ ጋር እኩል ይሆናል፤ ዋጋው 10፣ መጠኑ 50። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ልጆች ግን ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ሲያዩ ገጹን ይገለብጣሉ።

አሁን ወደ እውነተኛው ማነቆ፣ ወደ እንግሊዝኛው። አገሩንና ገበያውን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ሳይገባው ሲወድቅ አይቻለሁ። «ኤክሴፕት» («በስተቀር») የምትል ቃል በጥያቄው መጨረሻ ተደብቃ ስንቱን ጎበዝ ሸውዳለች! እንዲህ አድርጉ። አንድ ርዕስ አንብቡና መጽሐፉን ዝጉ። በአማርኛ፣ ወይም በቤታችሁ ቋንቋ፣ ለታናሽ እህታችሁ አስረዷት። «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ ከተንተባተባችሁ አልገባችሁም፤ ተመለሱ። ከገባት በኋላ ያንኑ በአምስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉት። ይሰለቻል፤ አውቃለሁ። ግን ታሪክም እንግሊዝኛም በአንድ ድንጋይ ነው።

የድሮ ፈተና ሰብስቡ፤ ግን መልሱን አትሸምድዱ። ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፣ አርሙ፣ ከዚያ የሳታችኋቸውን ብቻ ለይታችሁ ለምን እንደሳታችሁ ከጎኑ ጻፉ። «አላውቀውም ነበር»፣ «ጥያቄውን አላየሁትም»፣ «ቸኮልኩ»። ከሦስት ፈተና በኋላ በሽታችሁ ይታወቃል። «ጥያቄውን አላየሁትም» የበዛበት ልጅ ሌላ ወርክ ሺት አያስፈልገውም፤ ቀስ ብሎ ማንበብ ነው የሚያስፈልገው። ፈተናው ከየትኞቹ ክፍሎች መጻሕፍት እንደሚወጣም ከመምህራችሁ አረጋግጡ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ የታላቅ ወንድማችሁ ኖት ላይመጥን ይችላል።

በቴሌግራም «ፈተናው እጄ ላይ ነው፣ ብር ላክ» ለሚላችሁ ሳንቲም አታውጡ። አብዛኛው ሌባ ነው፤ ብሩን ይበላና ብሎክ ያደርጋችኋል። የእውነት ቢሆንም አትንኩት፤ ውጤት ይሰረዛል። አጤሬራ ለመጻፍ የምታጠፉት ሰዓት ምዕራፉን ለማጥናት ይበቃል።

ከ2014 ወዲህ አብዛኛው ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የሚፈተነው፤ በኮምፒዩተር የሚፈተኑም አሉ። ስልክ አይገባም። ከቤት ርቃችሁ አድራችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሊላችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ። ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን አንድ ቦታ አድርጉ። በወረቀት ከተፈተናችሁ በየአሥር ጥያቄው የመልስ ወረቀቱን ቁጥር አመሳክሩ፤ አንድ ጥያቄ ዘልላችሁ የቀጣዩን በእሱ ቦታ ካጠቆራችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ማታ ዶርም ውስጥ መልስ የሚያመሳክሩ አይጠፉም። «17ኛው ቢ አይደል? ኧረ ዲ ነው!» እየተባባሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይጨቃጨቃሉ። አትግቡበት፤ የተሰጠው ወረቀት አይመለስም። ውሃ ካለ ታጠቡ፤ ከሌለም ተኙ። ነገ ሒሳብ አለ።